ወንዝ የሚገርፉት ጋሽ ባሌ፦ በዝንብ ዓሣ ስለማጥመድ ጥያቄና መልስ

አስተባባሪ፦ ጋሽ ባሌ ባለፈው ሳምንት ቨርጂኒያ ካለው ራፒዳን ወንዝ የለጠፉትን ፎቶ አይታችሁ ጥያቄ ያዘነባችሁ ሁሉ፣ ዛሬ ተራችሁ ነው። ጋሽ ባሌ የጎባ ልጅ ናቸው። ቨርጂኒያ ውስጥ በዝንብ፣ ማለትም ዝንብ በሚመስል ሰው ሠራሽ ማጥመጃ፣ ዓሣ ማጥመድ ከጀመሩ 19 ዓመት ሆኗቸዋል። ጠይቁ፤ ስድብ የለም።

ጋሽ ባሌ፦ አስቀድሜ ሦስት ነገር ልበል። መነጽር፣ ቴርሞሜትር፣ እርጥብ እጅ። ምክንያቱን እየሄድን እናየዋለን።

የቀበና ልጅ፦ ጋሼ፣ በቀን 12 ሰዓት ነው የምነዳው። እረፍት ከፈለግሁ ሶፋዬ ላይ እጋደማለሁ። ውሃ ውስጥ ቆሞ መዋል ጥቅሙ ምንድን ነው?

ጋሽ ባሌ፦ እኔም ታክሲ ነድቻለሁ፤ ስለዚህ ሶፋውን አውቀዋለሁ። ሶፋ ላይ ትጋደማለህ፣ ስልክህን ታወጣለህ፣ ስትነሳ ከመጋደምህ በፊት ከነበረው ይልቅ ደክመሃል። ወንዝ ውስጥ ቀኝ እጅህ ዘንግ፣ ግራ እጅህ ገመድ ይዟል። ስልክ የሚይዝ ሦስተኛ እጅ የለህም። የመጀመሪያው ጥቅም ይኸው ነው፤ እየቀለድኩ አይደለም።

ሁለተኛው ማየት ነው። በተራ ማጥመጃ የምትወረውረው ጫፉ ላይ ያለውን እርሳስ ነው። እዚህ ግን ዝንቡ መንጠቆ ላይ የተጠመጠመ ላባና ክር ስለሆነ ክብደት የለውም። የምትወረውረው ገመዱን ራሱን ነው። ቡሄ ሲደርስ ጅራፍ ገምደህ ታውቃለህ? እጁ ያው ነው፤ ልዩነቱ ጅራፍ እንዲጮህ ትፈልጋለህ፣ ይሄ ግን ከጮኸ ዝንቡ ተበጥሶ ሄዷል ማለት ነው። ወደ ኋላ ወርውረህ ገመዱ ከጀርባህ እስኪዘረጋ ትጠብቃለህ። ያቺን አንዲት ሰከንድ መጠበቅ ያቃተው ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ አንደኛው እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ደግሞ ትራውት የሚባለው የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ዝም ብሎ አይነክስልህም። ድንጋይ ገልብጠህ ከሥሩ ምን ዓይነት እጭ እንዳለ ታያለህ። ውሃው የት ፈጠን፣ የት ቀስ እንደሚል ታያለህ። ዓሣው የሚቆመው በሁለቱ ድንበር ላይ ነው፤ ቀስ ባለው ውስጥ አርፎ ፈጣኑ ይዞለት የሚመጣውን ይለቅማል። ይህን ስትከታተል ሦስት ሰዓት ይሄዳል። የቤት ኪራይ ትዝ ያለህ መኪናህ ጋ ስትደርስ ነው። ኪራዩ አልቀነሰም፣ አንተ ግን ትከሻህ ወርዷል።

ሳሚ፦ ጥሩ ቦታ የት ነው?

ጋሽ ባሌ፦ የት ነው የምትኖረው? በየትኛው ወር? መኪና አለህ? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም።

ሚሚ ከአሌክሳንድሪያ፦ ስንት ብር ያስወጣል?

ጋሽ ባሌ፦ ዘንግ 9 ጫማ፣ ቁጥር 5። ከነገመዱ፣ ገመዱ ከሚጠመጠምበት ከነሪሉ ከ100 እስከ 200 ዶላር ባለው ይገኛል። ውድ ነገር ከመግዛትሽ በፊት ቴርሞሜትር ግዢ። የውሃ ሱሪውን ለብርዱ ወራት አቆዪው፤ በሐምሌ በቁምጣ ይገባል። ብቻ ከጉልበትሽ በላይ አትግቢ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ያሉት የኛ ሰዎች በከንቱ አይደለም።

አዱኛ፦ ሶሉ ፌልት የሚባል ወፍራም ጨርቅ የሆነ የወንዝ ጫማ አይንሸራተትም ብለውኛል። ልግዛ?

ጋሽ ባሌ፦ ሜሪላንድ ውስጥ ከ2011 ጀምሮ ክልክል ነው። ጨርቁ ሳይደርቅ ከወንዝ ወደ ወንዝ ዲዲሞ የሚባል አልጌ ያዛምታል። የጎማ ሶል ግዛ።

ተስፍሽ፦ የኛ ሰው እኮ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ብሎ ጨርሶታል 😂

ጋሽ ባሌ፦ 19 ዓመት ጎርጉሬ ያወጣሁት ዘንዶ የለም። አንድ የሰው ኮፍያ አውጥቻለሁ።

እህት ነኝ፦ ጋሽ ባሌ፣ ባለፈው ዓመት የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና አድርጌያለሁ። እጄ እንደ ድሮው አይነሳም። ይሄ ነገር ይጎዳኛል ወይስ ይጠቅመኛል?

ጋሽ ባሌ፦ እግዚአብሔር ጨርሶ ይማርሽ እህቴ። ክንድሽን በተመለከተ ሐኪምሽን ሳትጠይቂ ዘንግ እንዳትነኪ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። «ካስቲንግ ፎር ሪከቨሪ» የሚባል ድርጅት አለ፤ በ1996 ቬርሞንት ውስጥ የተጀመረ። የጡት ካንሰር የገጠማቸውን ሴቶች ሰብስቦ ያለ ክፍያ ይህንኑ በዝንብ ማጥመድ ያስተምራል። ሐሳቡ የመወርወሩ እንቅስቃሴ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለክንድና ለትከሻ ከሚታዘዘው ማፍታቻ ጋር ይመሳሰላል የሚል ነው። ለቆሰሉ ወታደሮችም በ2005 ዋልተር ሪድ ሆስፒታል ውስጥ የተጀመረ ተመሳሳይ ፕሮግራም አለ። የካስቲንግ ፎር ሪከቨሪን ስም ይዘሽ ለሐኪምሽ አሳዪ።

ብሩክ፦ ጋሼ ጥቅሙን ባጭሩ ቢነግሩን?

ጋሽ ባሌ፦ ከላይ አንብብ።

ወለተ ማርያም፦ ፍልሰታ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ዓሣ በጾም ይበላል ወይ? ቁርጡን ንገሩን።

የቀበና ልጅ፦ አይበላም። አለቀ።

ሳሚ፦ እኛ ቤት በሁዳዴ ነው እንጂ በሌላው ጾም ይበላ ነበር።

ወለተ ማርያም፦ እናንተ ቤት ምን የማይበላ ነገር አለ?

ተስፍሽ፦ 😂😂

አስተባባሪ፦ ስድብ የለም ብለናል።

ጋሽ ባሌ፦ የንስሐ አባቶቻችሁን ጠይቁ። እኔ የያዝኩትን እለቃለሁ፤ ሁዳዴም ፋሲካም ለኔ አንድ ነው።

አዱኛ፦ እዚህ ላይ አልስማማም ጋሼ። ካልበሉት ለምን ይወጉታል? ድሃ ዓሣ አጥምዶ ልጁን ያበላል፤ ይገባኛል። ለመዝናናት ብሎ አፉን በመንጠቆ ወግቶ መልሶ መልቀቅ ግን የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው።

ሚሚ ከአሌክሳንድሪያ፦ እውነቱን ነው።

ጋሽ ባሌ፦ የዛሬው ጥያቄ ይሄ ነው። አይጎዳም ብዬ አልዋሽህም። ይጎዳል። ግን ሁለት ዓይነት ውሃ አለ። አንዱ መንግሥት ያረባውን ትራውት የሚጨምርበት ነው፤ ብዙው በጋውን አይሻገርም፣ የተጨመረውም እንዲበላ ነው። ከዚያ ስይዝ በቃሪያ ጠብሼ እበላለሁ። ሌላው እንደ ራፒዳን ያለው ነው፤ እዚያ ያለው ብሩክ ትራውት የአገሩ ተወላጅ ነው፣ አብዛኛው ከስንዝር ብዙም አይበልጥም። ፕሬዚዳንት ሁቨር በ1929 ካምፑን እዚያ የሠራው ከዋሽንግተን ሳይርቅ ትራውት የሚያጠምድበት ቦታ ፈልጎ ነው። ዛሬ እዚያ ይዞ መልቀቅ ሕግ ነው፣ ባለ አንድ መንጠቆ ሰው ሠራሽ ማጥመጃ ብቻ። ሕግ ባይሆን ኖሮ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሄደው ብቻ በአንድ በጋ ወንዙን ባዶ እናስቀረው ነበር።

ስለዚህ የምለቀው ዓሣ በሕይወት መሄድ አለበት። ጭራ፣ ማለትም ጫፉ አጠገብ ወደ ኋላ የዞረች እሾህ፣ የሌለው መንጠቆ፤ ያላችሁ ባለ ጭራ ከሆነ በፒንሳ ጨፍልቁት። እጃችሁን ሳትነክሩ አትንኩት፤ ደረቅ እጅ ቆዳውን የሚጠብቅለትን ዝልግልግ ነገር ይገፍፈዋል። ለፎቶ ብላችሁ አየር ላይ አታቆዩት። ከሁሉ በላይ ሙቀት! ውሃው 68 ፋራናይት፣ ማለትም 20 ሴልሺየስ ሲደርስ ማጥመድ አቁሙ። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ታግሎ የደከመ ዓሣ ስትለቁት ዋኝቶ የሄደ ይመስላችኋል፣ ግን ታችኛው ድንጋይ ሥር ሊሞት ይችላል።

አዱኛ፦ አላሳመኑኝም። ግን ቢያንስ አልዋሹም።

ዴንቨር፦ ለምን ትል አይጠቀሙም? በትል እኮ ቶሎ ይያዛል።

ጋሽ ባሌ፦ ትል ሲሆን ብዙ ጊዜ እስከ ሆዱ ይውጠዋል፣ መንጠቆው ከሆድ በቀላሉ አይወጣም። ዝንብ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከንፈሩ ላይ ነው የሚይዘው። «ቶሎ» ካልክ ሱቅ ሂድ።

የሁለት ልጆች እናት፦ ልጄ 8 ዓመቱ ነው፤ ከታብሌት አልላቀቅ አለኝ። ይችላል?

ጋሽ ባሌ፦ ይችላል! ግን ትራውት ጋ አትውሰጂው፤ ምንም ሳይዝ ይውልና ዳግመኛ አይመጣልሽም። ሰፈራችሁ ያለ ኩሬ ውሰጂው። ብሉጊል የሚባል መዳፍ የሚያህል ዓሣ አለ፤ ልጅ የወረወረውን ዝንብ አይንቅም። ከ16 ዓመት በታች ስለሆነ ቨርጂኒያም ሜሪላንድም ፈቃድ አይጠየቅም፤ አንቺ ዘንግ ከያዝሽ ግን ያስፈልግሻል። መነጽር አድርጊለት። መነጽር! መንጠቆ ከኋላ በጆሮ ግንድ አጠገብ እየበረረ ነው የሚያልፈው። እኔ አንድ ጊዜ የራሴን ጆሮ ይዣለሁ።

የጊኒር ልጅ፦ ጋሽ ባሌ፣ አገር ቤትስ? ባሌ ትራውት አለ ሲባል ሰምቼ አላመንኩም።

ጋሽ ባሌ፦ ይህንን ጥያቄ ስጠብቅ ነው የዋልኩት። አለ! ወይብ ወንዝ ውስጥ፣ ዲንሾ አጠገብ። ዳንካ ወንዝም ውስጥ አለ። ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው፤ ቡናማ ትራውት የሚባለውም ቀስተ ደመና ትራውት የሚባለውም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ትራውት የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ያው ወይብ ነው ወርዶ ወርዶ ሶፍ ዑመር ዋሻ የሚገባው።

ልጅ ሆኜ ፈረንጆች ወይብ ውስጥ ጉልበታቸው ድረስ ገብተው ገመድ ሲያወናጭፉ አያለሁ። እናቴን «ፈረንጁ ወንዙን ለምን ይገርፈዋል?» አልኳት። «ምን አጥፍቶ ይሆናል» አለችኝ። ከብዙ ዓመት በኋላ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ሰው እንደዚያው ሲያደርግ አይቼ መኪናዬን አቁሜ ወረድኩ። ይኸው እስከ ዛሬ አልተመለስኩም።

ዲንሾ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ወይብ ዳር ሆነህ ቀና ስትል ኒያላ ሣር ሲግጥ ታያለህ። የትኛው ራፒዳን ይሄን ይሰጥሃል? የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ሄደህ ፈቃድ ጠይቅ፤ አስጎብኚ የአካባቢ ልጅ ያዝ።

ዴንቨር፦ ባዕድ ዓሣ ወንዛችን ውስጥ መልቀቅ ግን ጥሩ ነው? የአገሩን ነፍሳት ይጨርሳል።

የጊኒር ልጅ፦ አንተ ኮሎራዶ ቁጭ ብለህ ስለ ወይብ ታወራለህ?

ዴንቨር፦ ኮሎራዶም ቡናማው ትራውት ባዕድ ነው። ስለማውቀው ነው የማወራው።

ጋሽ ባሌ፦ ዴንቨር ልክ ነው። ለዚህ ነው ወይብ ላይ የተያዘ ትራውት ቢበላ የማላዝነው። ራፒዳን ላይ ግን ሲበላ ካየሁ እጣላለሁ።

ብሩክ፦ ለጭንቀት ይጠቅማል ይላሉ፣ እውነት ነው?

ጋሽ ባሌ፦ ብሩክ! ከላይ!

የቀበና ልጅ፦ ጋሼ፣ ሳልነግርዎ ማክሰኞ ዘንግ ገዝቼ ነበር። አሁን ወንዝ ዳር ነኝ። ቴርሞሜትሩን ነከርኩት፤ 71 ይላል። ሁለት ሰዓት ነድቼ ነው የመጣሁት።

ጋሽ ባሌ፦ መነጽር አድርገሃል?

የቀበና ልጅ፦ አድርጌያለሁ።

ጋሽ ባሌ፦ ጎበዝ። ዘንግህን አጣጥፍ። ለሌላ ቀን ሜሪላንድ ጋንፓውደር ወንዝ ሂድ፤ ውሃው ከፕሪቲቦይ ግድብ ሥር ከጥልቁ የሚለቀቅ ስለሆነ በሐምሌም ቀዝቃዛ ነው። ዛሬ ግን ጫማህን አውልቀህ እግርህን ንከርና ድንጋይ ገልብጥ። ከሥሩ ያገኘኸውን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።

የቀበና ልጅ፦ ስልክ አትያዝ አላሉም?

ጋሽ ባሌ፦ ዘንጉን አጣጥፈሃል አይደል? ላክ።