ሰው ጽሑፌን ሲነካብኝ አልወድም፤ የፊልም ጽሑፍ መማር ይሆነኛል?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ነው የምኖረው። በሥነ ጽሑፍ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ። የፊልም ጽሑፍ በማስተርስ መማር እፈልጋለሁ። ያየኋቸው ትምህርት ቤቶች ግን ጸሐፊዎችን ከዳይሬክተርና ከኤዲተር ተማሪዎች ጋር ያሠራሉ። እኔ ደግሞ ብቻዬን መጻፍ ነው የለመድኩት።

መልስ፦ እህቴ፣ ይሆንሻል። እንዲያውም የሚጠቅምሽ ከሌሎች ጋር መሥራቱ ነው። ልብ ወለድ ጽፈሽ ስትጨርሺ አለቀ። የፊልም ጽሑፍ ግን ገና ይቀረጻል፣ ይቆረጣል። የጽሑፉ አንድ ገጽ ፊልሙ ላይ በግምት አንድ ደቂቃ ነው።

እኔ ከዘጌ እንጨት በታንኳ ጭኖ ስለሚመጣ አባት ጽፌ ነበር። ልጁን ሲመክር ረጅም ንግግር ሰጠሁት። ካሜራ የያዘው ልጅ «ሲቀዝፍ ጀርባውን ብቻ ላሳይ» አለኝ። ንግግሩ ቀረ፤ ትዕይንቱ ግን ነፍስ ዘራ። ይህን ብቻዬን ተቀምጬ በፍጹም አላገኘውም ነበር።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በፊልም ማስተርስ ያስተምራል። ውጭ ካሰብሽ፣ እንግሊዝ አገር ቢከንስፊልድ ያለው ናሽናል ፊልም ኤንድ ቴሌቪዥን ስኩል የፊልም ጽሑፍን 2 ዓመት ያስተምራል። ለንደን ፊልም ስኩል 1 ዓመት ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ቺቭኒንግ የሚባለው የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሚከፍለው ለ1 ዓመት ማስተርስ ነው። ቢያንስ የ2 ዓመት የሥራ ልምድም ይጠይቃል።

እስከዚያው አምስት ገጽ ጻፊና ለጓደኛሽ ስጪው። ጣና ዳር በስልክም ቢሆን ይቅረጸው። ኤዲት ሲደረግ አጠገቡ ተቀመጪ። የማን ስም የት እንደሚጻፍ ግን ከቀረጻው በፊት ተስማሙ።