ለበጎ ፈቃድ ዓመት ወደ ጀርመን ለምትመጡ፦ የኪስ ገንዘቡን ደመወዝ አታድርጉት

ቤኤፍዴ (የፌዴራል የበጎ ፈቃድ አገልግሎት) ወይም ኤፍኤስዮት (የወጣቶች የበጎ ፈቃድ ማኅበራዊ ዓመት) አግኝታችሁ ወደ ጀርመን የምትመጡ ልጆች፣ የምታስመጧቸው ዘመዶችም ጭምር፣ ይህን ከመሳፈር በፊት አንብቡት። በየዓመቱ ጎበዝ ጎበዝ ልጆች ይመጣሉ። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ብዙዎቹ ቋንቋውን ሳይዙ፣ ቀጣይ ቦታም ሳያገኙ፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው ሊያልቅ ሳምንታት ሲቀሩት ስልክ መደወል ይጀምራሉ። ያኔ ምን ይባላል?

1. ወረቀት

ኤፍኤስዮት 27 ዓመት ላልሞላው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ያለው ቤኤፍዴ ግን የዕድሜ ጣሪያ የለውም። ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ናቸው፣ እስከ 18 ወርም ሊሄዱ ይችላሉ። የብሔራዊ ቪዛው ክፍያ 75 ዩሮ ነው። ቦታ አስገኝላችኋለሁ ብሎ በሺህ የሚቆጠር ዩሮ ለሚጠይቅ ደላላ ስልኩን ዝጉበት፤ ተበድሮ የመጣ ልጅ ዓመቱን የሚጀምረው ተሸንፎ ነው። መዋዕለ ሕፃናት፣ ትምህርት ቤት ወይም ሆስፒታል የምትመደቡ እ.ኤ.አ. ከ1970 በኋላ ከተወለዳችሁ የኩፍኝ ክትባት ማስረጃ ትጠየቃላችሁ። የልጅነት ካርዳችሁ ከጠፋ አገር ቤት እያላችሁ እንደገና ተከተቡና አስመዝግቡት።

2. የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

ቤት በገባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ አንሜልዱንግ (የመኖሪያ አድራሻ ምዝገባ) ማድረግ ግዴታ ነው፤ ለዚያም ቤቱን የሰጣችሁ አካል የሚፈርመው ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ዛሬውኑ ግን ስማችሁን የፖስታ ሣጥኑ ላይ ለጥፉ። የግብር ቁጥሩ፣ የጤና መድኅን ካርዱ፣ የባንኩ የሚስጥር ቁጥር፣ ሁሉም በፖስታ ነው የሚመጣው። ፖስተኛው ስማችሁን ካጣ ደብዳቤው ወደ ላኪው ይመለሳል። የጤና መድኅን መዋጮውን፣ የእናንተን ድርሻ ጨምሮ፣ አሠሪው ወገን ይከፍላል። ውሉ ከሚጀምርበት ቀን በፊት ከገባችሁ ግን ለእነዚያ ቀናት የጉዞ መድኅን ግዙ። የሬዲዮና ቴሌቪዥን መዋጮ ደብዳቤ ሲመጣ መሳቢያ ውስጥ አትክተቱት። በወር 18.36 ዩሮ ነው፣ የሚከፈለውም በሰው ሳይሆን በቤት ነው። አብሯችሁ የሚኖር ሰው የሚከፍል ከሆነ የመዋጮ ቁጥሩን ጠይቃችሁ ደብዳቤውን ለላኩት ጻፉላቸው። ዝም ካላችሁ ዕዳው ይከማቻል።

3. ሥራ ቦታ

እናንተ ረዳት ናችሁ። የሠለጠነ ሠራተኛ ቦታ እንድትሸፍኑ ሕጉ አይፈቅድም። ምግብ ማቅረብ፣ አልጋ ማንጠፍ፣ አረጋዊ ይዞ መንሸራሸር፣ ከልጆች ጋር መጫወት የእናንተ ነው። መድኃኒት ማደልና መርፌ መውጋት የእናንተ አይደለም፣ ሰው ጎደለ ተብሎ ቢጠየቅም። 27 ዓመት ላልሞላው የ12 ወሩ አገልግሎት 25 የሴሚናር ቀን አለው። እንደ ሥራ ቀን ይቆጠራል፣ መቅረትም አይቻልም።

አጥብቄ የምናገረው ሌላ ነገር አለ። ሳይገባችሁ ራሳችሁን አትነቅንቁ። የእኛ ሰው ታላቁን ደጋግሞ መጠየቅ ነውር ስለሚመስለው «ያ፣ ያ» ብሎ ያልፋል። ይህ አዛውንት ወፍራም ፈሳሽ ብቻ ነው የሚጠጡት ተብላችሁ ሳይገባችሁ ውኃ ብትሰጧቸው ትን ብሏቸው ሊሞቱ ይችላሉ። «አልገባኝም፣ ቀስ ብለህ ድገምልኝ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከሰላምታ ቀጥሎ አጥኑት። የምትንከባከቧቸውን ሰዎች ደግሞ ፎቶ አንስታችሁ ቲክቶክ ላይ አትለጥፉ፤ ውል የሚያስፈርስ ጥፋት ነው።

4. ገንዘቡ

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። ሕጉ ለኪስ ገንዘቡ ጣሪያ አበጀለት እንጂ ወለል አላበጀለትም። በ2025 ጣሪያው በወር 644 ዩሮ ነበር፤ ብዙዎቹ ድርጅቶች ከዚያ በታች ይከፍላሉ። ከመፈረማችሁ በፊት ክፍልና ምግብ ይሰጡ እንደሆነ ውሉ ላይ ፈልጉ። ክፍል ሰጥቶ 350 የሚከፍል ቦታ፣ ክፍል ሳይሰጥ 600 ከሚከፍለው ይሻላል። በትልልቆቹ ከተሞች የአንድ ክፍል ኪራይ ብቻውን ያንን ገንዘብ ይውጠዋል።

እንግዲህ ከዚህ ላይ ነው ወደ አገር ቤት የሚላከው! እናት ለጎረቤት «ልጄ ጀርመን ሥራ ጀመረች» ብላለች፤ ልጅቱም ይሉኝታ ይዟት እውነቱን አትናገርም። በሁለተኛው ወር የወንድም ትምህርት ቤት፣ በሦስተኛው የአክስት ሕክምና፣ በአራተኛው የእቁብ። በወር 100 ዩሮ ትንሽ ይመስላል፤ በዓመት 1,200 ነው። ይህ ገንዘብ የማታ ቋንቋ ኮርሱንና 200 ዩሮ ገደማ የሚጠይቀውን የቢ2 (ከመካከለኛ ከፍ ያለ የጀርመንኛ ደረጃ) ፈተና አብዛኛውን የሚሸፍን ነበር። ቢ2 ለሌለው ልጅ ብዙ የነርስነት ትምህርት ቤቶች በራቸውን አይከፍቱም። ቢ2 ይዞ የገባው ግን ከሦስቱ የአውስቢልዱንግ (እየተከፈለ የሚሰጥ የሙያ ሥልጠና) ዓመታት በመጀመሪያው ራሱ በብዙ ቦታ በወር ከ1,000 ዩሮ በላይ ያገኛል። አንድ ዓመት ሳይልክ ቢቆይ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ቤተሰቡን በእውነት መርዳት ይችል ነበር። ለጥቂት ወራት መቶ መቶ ዩሮ ሲባል የዚህ ሁሉ ዓመት በር ሲዘጋ ማየት ያንገበግባል።

አልበቃ ሲል ደግሞ ሌሊት ያለ ውል ዕቃ ለማጠብ የሚሄዱ አሉ። የተሰጣችሁ ፈቃድ ለአገልግሎቱ ነው። ሌላ ሥራ መሥራት የምትችሉት ካርዱ ወይም አብሮት የተሰጠው ወረቀት ላይ ከተጻፈ ብቻ ነው። ከተደረሰበት የመኖሪያ ፈቃዱ ራሱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ልጅስ ጠዋት ምን ቋንቋ ያጠናል?

ያስመጣችሁ ዘመዶች፣ እናንተም አላችሁበት። ልጁ ሳይሳፈር ለእናቱ እናንተ ደውሉላቸው። «ይህ ልጅ አንድ ዓመት አይልክም፤ ከጠየቃችሁት ትምህርቱን ነው የምታስጥሉት» በሏቸው። እሱ መናገር ያፍራል፣ ከእናንተ አፍ ግን ይሰማሉ። ቅዳሜና እሁድም ቤታችሁ እየጠራችሁ ሳምንት ሙሉ የለቀማትን ጀርመንኛ አታስረሱት። በወር አንዴ ይበቃል።

5. ከስድስተኛው ወር ጀምሮ

የአውስቢልዱንግ ማመልከቻ የሚላከው አገልግሎቱ ሊያልቅ ቢያንስ ስድስት ወር ሲቀረው ነው። አዲሱን ፈቃድ የድሮው ሳያልቅ አመልክቱ፤ አንድ ቀን ካለፈ ነገሩ ይወሳሰባል። የሥራ ቦታው ካልተስማማችሁ መልቀቂያ ከመጻፋችሁ በፊት ያስመደባችሁን ድርጅት አነጋግሩ፤ ቦታ መቀየር ይቻላል፣ ውል አፍርሶ መቆየት ግን አስቸጋሪ ነው። ስትጨርሱም የቀኑን ብዛት ብቻ የሚናገር ወረቀት ተቀብላችሁ አትውጡ። የሥራ ችሎታችሁንና ጠባያችሁን የሚገልጽ ጾይግኒስ (የሥራ ምስክር ወረቀት) መጠየቅ መብታችሁ ነው። የሚያውቃችሁ ኃላፊ እረፍት ሳይወጣ፣ ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።