ለእጮኛዬ ልንገረው ወይ?

ባለፈው ጁምዓ አንዲት የሰፈራችን ልጅ ቤት ድረስ መጥታ ጠየቀችኝ። "ጋሼ፣ ድሮ የሠራሁት ወንጀል (ኃጢአት) አለ። ተውበት (ንስሐ) አድርጌያለሁ። አሁን ኒካህ ልናስር ነው። ለእጮኛዬ ካልነገርኩት ሙናፊቅ (አስመሳይ) ልሆን ነው?"

እኔ ዓሊም አይደለሁም፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት ሂሳብ ስሠራ ነው። ጥያቄዋ ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

ድሬዳዋ መጋላ፣ አንድ የጅምላ መደብር እሠራ በነበረበት ዘመን ነው። ገንዘብ ያዣችን ገና ልጅ ነበር። ከካዝናው ብር ወሰደ። ማንም ሳያውቅበት ጸጸት ሲበላው መልሶ አመጣው። በጋዜጣ ጠቅልሎ ሐጂ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ እጁ ይንቀጠቀጣል። ሐጂ ባለመደብሩ ናቸው። ጣታቸውን በምራቅ እያራሱ ቆጠሩት። ደግመው ቆጠሩት። ካዝናውን ቆለፉና "ሞልቷል፤ ሂድ ሻይ ጠጣ" አሉት። ወደ እኔ ዞረው "አንተም አላየህም" አሉኝ። ለአንድ ኪሎ ስኳር ሰፈር የሚያናውጡ ሰው፣ ያን ቀን በሹክሹክታ ነው የተናገሩት።

በር ላይ የቆመ ሌላ ባልደረባችን ሰምቶ ኖሯል። ጫት እየተቃመ፣ በርጫ ላይ አወራው። ስም አልጠራም፤ "አንድ ልጅ አለ" ነው ያለው። አቦ፣ ድሬ ውስጥ "አንድ ልጅ" ማለት ከነአባቱ ስም መጥራት ነው! ወሬው ለመግሪብ ሶላት ሳይደርስ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ከዚራ ሰፈር ገባ። ልጁ ሳይውል ሳያድር የጅቡቲ ባቡር ተሳፈረ። ለዒድ እንኳን እናቱ ጋ አልመጣም። አላህ ሸፍኖት፣ ባለገንዘቡ አውፍ ብሎት፣ የጫት ምርቃና ገለጠው። እስካሁን ያንገበግበኛል።

በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘመንም ሀዛል የሚባል ሰው፣ ጥፋት የሠራውን ማዒዝ የተባለ ሰው "ሂድና ጥፋትህን ለነቢዩ ተናገር" ብሎት ነበር። ረሱል በኋላ ሀዛልን "በልብስህ ሸፍነኸው ቢሆን ይሻልህ ነበር" አሉት። የሐዲስ ሰብሳቢው አቡ ዳዉድ ዘግበውታል።

ለልጅቷ ግን ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን የረሱልን ቃል ነው የነገርኳት። ኡመቴ (ተከታዬ) ሁሉ ይቅር ይባላል፣ በግላጭ ወንጀል የሚሠሩት ሲቀሩ። ከነሱ አንዱ፣ አላህ ሌሊት ሸፍኖት አድሮ ሲነጋ "ትናንት እንዲህ አደረግኩ" የሚለው ነው። ስለዚህ ለማንም አትንገሪ አልኳት።

የዛሬ ልጆች ቲክቶክ ላይ ላይቭ እየገባችሁ የገዛ ጉዳችሁን ትዘረግፋላችሁ። እኛ እንዲህ አልነበርንም ልል ነበር፤ በርጫው ትዝ ሲለኝ ተውኩት።

የሰው ሐቅ ከሆነ ግን ዝም ብሎ ተውበት አይበቃም፤ ልጁም ብሩን መልሷል። ሌላውን እየጎዳ ያለ ሰውም በዚህ አይሸፈንም። ኢማም አን-ነወዊ በክፋትና በጥፋት የታወቀን ሰው አለመሸፈን እንደሚወደድ፣ ጉዳዩ ለሚመለከተው ሹም እንደሚነገር ጽፈዋል። ስለዚህ ሽማግሌ ተሰብስቦ የሕፃን መደፈርን "አላህ የሸፈነውን" እያለ ሲያድበሰብስ ካያችሁ፣ ከመሃሉ እኔም ብኖርበት፣ እንዳትሰሙን። የተደፈረችውን ሕፃን ይዛችሁ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ።