የቆሽት ካንሰር ቀዶ ሕክምናና ደም መውሰድ

ጥያቄ፦ አባቴ በቆሽት ካንሰር ምክንያት ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው ነው። ሐኪማቸው በተቻለ መጠን ደም ላለመስጠት እንደሚጥሩ ነግረውናል። ደም መውሰድ ጉዳት አለው? እንዴትስ ይቀነሳል?

መልስ፦ የሐኪማቸው ሐሳብ ተገቢ ነው። ደም የተሰጣቸው ሕመምተኞች በኢንፌክሽንና በካንሰሩ ማገርሸት ይበልጥ እንደሚጠቁ በጥናቶች ቢታይም፣ ደም የሚያስፈልጋቸው ብዙውን ጊዜ ሕመማቸው ቀድሞውንም የከበደ ሰዎች በመሆናቸው፣ ጥፋቱን ሁሉ በደሙ ላይ መጣል አይቻልም።

ዋናው ሥራ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይጀምራል። የደም ማነስ ካለባቸውና መንስኤው የብረት እጥረት ከሆነ፣ በደም ሥር በሚሰጥ ብረት ሊታከም ይችላል። ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ ደግሞ፣ የሐሞት መተላለፊያው መዘጋት ቫይታሚን ኬ ከምግብ በሚገባ እንዳይመጠጥ ስለሚያደርግ የደማቸው የመርጋት አቅም ሊዳከም ይችላልና፣ ቫይታሚኑ በመርፌ ያስፈልጋቸው እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ይህ ሊዘነጋ አይገባም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ካለ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቋረጥ።

ቆሽት ከትልልቅ የደም ሥሮች ጋር ተጠግቶ ስለሚገኝ የቀዶ ሐኪሙ ልምድ ወሳኝ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ፣ ደም የማይፈሳቸውና የተረጋጉ ሕመምተኞች ሄሞግሎቢናቸው (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር) በዴሲ ሊትር ከ7 ግራም፣ የልብ ሕመም ካለባቸው ከ8 ግራም በታች ካልወረደ በአብዛኛው ደም አይሰጣቸውም። ብዙ ደም ከፈሰሳቸው ግን ደም ሕይወት ያድናልና፣ ሐኪሙ እንዲሰጣቸው ከወሰነ እባክዎ አያመንቱ።