ለዜማ ደራሲና ለኮሪዮግራፈር የጋራ ሥራ ገንዘብ ከየት ይመጣል? ጥያቄና መልስ

አወያይ፦ የዛሬው መልስ ሰጪ ከራሳችን አባላት አንዱ ናቸው። ጋሼ «መድረክ» ለዳንስ ቡድኖች በጀትና የድጋፍ ማመልከቻ ሲጽፉ ኖረዋል። ርዕሱ የሙዚቃ ደራሲና ኮሪዮግራፈር (የዳንሱን እንቅስቃሴ የሚፈጥረው ሰው) አብረው አዲስ ሥራ እንዲሠሩ ገንዘቡ እንዴት ይገኛል፣ እንዴትስ ይወጣል የሚል ነው። በሉ ጠይቁ።

መድረክ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከወዲሁ ሁለት ነገር ልበል። ውል ሳትጽፉ ልምምድ አትጀምሩ። ደራሲውና ኮሪዮግራፈሩ አንድ ክፍል ውስጥ አብረው የሚቆዩበት ጊዜ ደግሞ በበጀቱ ላይ ዋጋ ይኑረው። ዛሬ ደጋግሜ ስለምለው አትሰልቹኝ።

ዋሽንተኛው፦ ጋሼ፣ ሙዚቃው ነው ዳንሱ መቅደም ያለበት? ገንዘብ ሰጪዎቹ የሙዚቃ ናሙና አምጡ ይሉናል። ዳንሱ ገና ሳይኖር ምን ልጻፍ?

መድረክ፦ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። ትንሽ ላስፋው።

የባሌ ኮሪዮግራፈሩ ፔቲፓ በሴንት ፒተርስበርግ ለሙዚቃ ደራሲው ለቻይኮቭስኪ ዝርዝር ትእዛዝ ይጽፍለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1892 ለታየው «ነትክራከር» ባሌ የገና ዛፉ የሚያድግበት ቦታ ላይ የጻፈለት «48 ባር፣ እያደገ የሚሄድ ሙዚቃ» የሚል ነው (ባር ማለት የተወሰነ ምት የያዘ የሙዚቃ ክፍል ነው)። ደራሲው በቁጥሩ መሠረት ይጽፋል። እዚህ ላይ አብሮ መቀመጥ ብዙም አያስፈልግም። ግን ከሁለቱ ጀርባ ለሁሉም ደመወዝ የሚከፍል የንጉሠ ነገሥት ቲያትር ነበር። እኛ ያ የለንም።

የሙዚቃ ደራሲው ኬጅና ኮሪዮግራፈሩ ከኒንግሃም ሌላ መንገድ ሄዱ። የሥራውን ርዝመት ተስማምተው እያንዳንዱ ለብቻው ሠራ። ሙዚቃና ዳንስ መድረክ ላይ ተገናኙ። ይህ ብዙ ወጣቶችን ይማርካል፤ ርካሽ ይመስላላ። ሁለቱ ግን እዚያ የደረሱት ለዓመታት አብረው ከሠሩ በኋላ ነው። ትናንት የተዋወቀ ሰው እንዲህ ቢሠራ ሁለት የማይተዋወቁ ሥራዎች ናቸው መድረክ ላይ የሚወጡት።

ወደ ራሳችን እንምጣ። እስክስታ ላይ ጥሩ ከበሮ መቺ የሚያየው የዳንሰኛዋን ትከሻ ነው። ትከሻዋ ሲከብድ ምቱን ያከብዳል፣ ስትነጥቀው ይነጥቃል። በሜትሮኖም (ምትን በእኩል በሚቆጥር መሣሪያ) የተቀዳ ትራክ ግን አያያትም። ስለዚህ ደራሲው ቤቱ ኪቦርድ ላይ ጨርሶ በፍላሽ ካመጣው፣ ዳንሰኛዋ ሥራዋ ትራክ ማሳደድ ይሆናል።

አንድ ልምምድ ላይ ደራሲው «ይሄ ክፍል ስምንት ባር ነው» አለ። ዳንሰኞቹ ስምንት ቆጠራ ብለው ያዙት። ሙዚቃው ስድስት በስምንት ነው፤ አንዱ ባር ለዳንሰኛ ሁለት ምት ነው። ስምንት ባር ማለት ሁለት ጊዜ ስምንት መሆኑ እስኪገባቸው ግማሽ ቀን ሄደ። እነሱ እንቅስቃሴውን ጨርሰው ይቆማሉ፣ ሙዚቃው ይቀጥላል። ማንም አላጠፋም። አብረው ሳይቆጥሩ ወደ ልምምድ መግባታቸው ነው። ያ ግማሽ ቀን ደግሞ የስድስት ዳንሰኛ አበልና የአዳራሽ ኪራይ በላ።

ስለዚህ ማመልከቻውን ለሁለት ክፈሉት። መጀመሪያ ለሙከራ ብቻ ጠይቁ፦ አሥር ቀን፣ ደራሲው፣ ኮሪዮግራፈሩ፣ ሁለት ዳንሰኛ፣ አንድ ከበሮ መቺ። ከዚያ የሚወጣው የጥቂት ደቂቃ ቪዲዮ ለሁለተኛው ማመልከቻ ናሙና ይሆናችኋል። ለሰጪውም ትንሽ ገንዘብ ላይ «እሺ» ማለት ይቀለዋል።

ቀበና፦ ጋሼ ስፖንሰር ማን ይሰጣል? ስልክ ካለዎት ይላኩልን።

መድረክ፦ ለምን ሥራ? ስንት ሰው ነው የሚሠራው? የት ይታያል? እነዚህን ሳትነግረኝ ምን ብዬ ልመልስልህ ወንድሜ?

ተወዛዋዥዋ፦ የሙዚቃው ድርሻ ከበጀቱ ስንት ፐርሰንት ይሁን?

መድረክ፦ በፐርሰንት አትነሺ። ከታች ወደ ላይ ደምሪ። የዜማ ድርሰት ክፍያ፣ የቅንብር ክፍያ (አንድ ሰው ሁለቱንም ቢሠራም ለየብቻ ይጻፍ)፣ የኮሪዮግራፊ ክፍያ፣ የዳንሰኞች የልምምድ አበል፣ የአዳራሽ ኪራይ፣ ሙዚቀኞቹ ለልምምድና ለትርኢት ለየብቻ፣ ቀረጻ፣ ግብር። ማታ ልምምድ ካለ የታክሲ። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው፤ ከዚያ ሴቶቹ ዳንሰኞች ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ታክሲ ፍለጋ መንገድ ዳር ይቆማሉ።

አራት ኪሎ፦ የድርጅቶቹን ስም ብቻ ቢዘረዝሩልንስ?

መድረክ፦ ስም ብቻውን አይጠቅምም፣ ግን እሺ። አዲስ አበባ ውስጥ ጎተ ኢንስቲትዩት፣ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝና ብሪቲሽ ካውንስል አሉ። ጥሪዎቻቸው ስለሚለዋወጡ ገጻቸውን ተከታተሉ። ገንዘብ ባይሰጡ እንኳ አዳራሽ ጠይቁ። አዳራሽም ገንዘብ ነው፤ በበጀቱ ላይ «በዓይነት የተገኘ» ብላችሁ ዋጋውን ጻፉ። ጎተ ጀርመን ካለ ቡድን ጋር ለሚሠራ የጋራ ሥራ የተለየ ፈንድም አለው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የዩኔስኮን የባህል ብዝኃነት ፈንድ አይታችሁ የምትሮጡ አላችሁ። ያ ፈንድ አንድ ትርኢት ለማዘጋጀት ብቻ የሚውል ገንዘብ አይሰጥም። ሥልጠና፣ ፖሊሲ፣ ለዘርፉ የሚቆም አሠራር ነው የሚደግፈው። ሁለት ወር ደክማችሁ ጽፋችሁ ገና መግቢያው ላይ እንዳትወድቁ።

የሸገር ልጅ፦ ይቅርታ ግን፣ ይሄ «ኮንቴምፖራሪ» የሚባለው ዘመናዊ ዳንስ የፈረንጅ ነገር ነው። ስንት የራሳችን ጭፈራ እያለ ለእሱ ገንዘብ መለመን ምን ይሉታል?

ተወዛዋዥዋ፦ ማን ለመነ? ሥራ ነው የምንሠራው። እኔ የወላይታም የጉራጌም ጭፈራ ስሠራ ነው ያደግሁት። አሁን ደግሞ አዲስ ሙዚቃ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?

የሸገር ልጅ፦ ክሊፕ ላይ እንደሚሠራው ሁሉንም ቀላቅላችሁ «ፊውዥን» ትሉታላችሁ።

ዋሽንተኛው፦ ክሊፕና መድረክ አንድ አይደለም። ደግሞስ ዜማና እንቅስቃሴን አብሮ ማቀናጀት ለኛ አዲስ ነው እንዴ? ማሕሌት ቁሙና እዩ። ዜማው፣ መቋሚያው፣ ጸናጽሉ፣ ከበሮው፣ ዝማሜው፤ አንዱን ከአንዱ ነጥሎ የሚያስተምር ሊቅ አለ?

የሸገር ልጅ፦ እሱን ከዳንስ ጋር ማወዳደር ነውር ነው።

ዋሽንተኛው፦ አላወዳደርኩም። አብሮ መሠራቱን ነው ያልኩት።

መድረክ፦ ልጆች፣ ተረጋጉ። የማሕሌቱን ነገር ለሊቃውንቱ እንተወው። «የፈረንጅ ነው» ለሚለው ግን ሳልመልስ አላልፍም፤ ይሄ ታሪክ ሳይነገር መቅረቱ ሁሌም ስለሚከነክነኝ።

ሃሊም ኤል-ዳብ የሚባል ትውልዱ ከግብጽ የሆነ የሙዚቃ ደራሲ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ኒውዮርክ ላይ የታየውን የአሜሪካዊቷን ኮሪዮግራፈር የማርታ ግራሃምን «ክሊተምነስትራ» ሙዚቃ የጻፈው እሱ ነው። ሙሉ ምሽት የሚወስድ ትልቅ የዳንስ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላም ለግራሃም ጽፏል። ያው ሰው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥቶ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ማሲንቆው፣ ክራሩ፣ በገናው፣ ዋሽንቱ ከየአካባቢው መጥተው አብረው የተቀመጡበት ቡድን ነው። በኋላ ተስፋዬ ለማ መርቶታል።

እንግዲህ ለዘመናዊ ዳንስ ይጽፍ የነበረ ደራሲና የኛ መሣሪያዎች ከስድሳ ዓመት በፊት እዚሁ ከተማ ተገናኝተዋል። ያንን ያስቻለው ምን ነበር? ደመወዝ የሚከፍልና ክፍል የሚሰጥ ዩኒቨርሲቲ መኖሩ ነው። ሙዚቀኞቹ አብረው የሚለማመዱበት ጊዜ ተከፍሎበታል። ዛሬ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪና ዳንሰኛ በአንድ ከተማ እየኖሩ የሚገናኙት ለአንድ ፕሮግራም ሲጠሩ ነው፤ እሱም ትርኢቱ ሦስት ቀን ሲቀረው። በችሎታ አናንስም። የሚጎድለን የተከፈለበት ጊዜ ነው።

የሸገር ልጅ፦ እሱን አላውቅም ነበር። እሺ ጋሼ።

ከሜሪላንድ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔ የሙዚቃ ደራሲ ነኝ፣ ኮሪዮግራፈሯ አዲስ አበባ ናት። በርቀት መሥራት ይቻላል? ገንዘቡንስ ከየትኛው አገር እንጠይቅ?

መድረክ፦ ይቻላል። የሙዚቃ ደራሲው ኮፕላንድና ግራሃም «አፓላሺያን ስፕሪንግ» የተባለውን የዳንስ ሥራ በአብዛኛው የሠሩት በደብዳቤ ነው። እሷ ታሪኩን ጽፋ ትልካለች፣ እሱ ሙዚቃ ይጽፋል። ገንዘቡን የሰጡት ኤልዛቤት ኩሊጅ የሚባሉ የሙዚቃ ወዳጅ ሲሆኑ የደራሲው ክፍያ 500 ዶላር ነበር። ሥራው በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ እንዲታይ ስለታሰበና የሙዚቀኞቹ ቦታ ጠባብ ስለነበረ ኮፕላንድ ለ13 ተጫዋች ብቻ ጻፈ። ይህን አስታውስ፤ ከመጻፍህ በፊት አዳራሹን ጠይቅ። እ.ኤ.አ. ለ1943 የታቀደው ምሽት ከተጋበዙት ደራሲዎች አንዱ ሥራውን በጊዜው ስላላደረሰ ወደ ጥቅምት 1944 ተገፋ። የእናንተም ሊገፋ ይችላል፤ ቀኑን አታጥብቡ።

በቪዲዮ ጥሪ አብሮ ለመለማመድ ግን አትሞክሩ። ድምፁ ይዘገያል፣ እሷ የምትጨፍርበት ምትና አንተ የምትሰማው አይገጥሙም። እሷ ቀርጻ ትላክልህ፣ አንተ ሠርተህ መልስ። ሁለት ጉዞ ደግሞ በበጀቱ ይግባ፤ አንዱ መጀመሪያ ላይ፣ አንዱ ከትርኢቱ በፊት።

ገንዘቡን ካለህበት ጀምር። ሚት ዘ ኮምፖዘር የሚባል እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመ ድርጅት ነበር፤ በ2011 ከሌላ ጋር ተዋህዶ ኒው ሚውዚክ ዩኤስኤ ሆኗል። ደራሲዎችን ነው የሚደግፈው፣ ጥሪውን ተከታተል። የራስህ ድርጅት ከሌለህ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት በስሙ ገንዘቡን ተቀብሎ ትንሽ ቆርጦ የሚያሳልፍበት አሠራር አለ፤ ፊስካል ስፖንሰር ይሉታል። አዲስ አበባ ለሚወጣው ደግሞ በጀቱን በሰጪው ገንዘብ ጻፉት። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር የተጻፈ የዓመት በጀት ተቀባዩን ሲጎዳ አይቻለሁ። ውል ደግሞ ከወዲሁ።

ቀበና፦ ጋሼ እኔን አልመለሱልኝም። ስፖንሰር ማን ይሰጣል?

መድረክ፦ ወንድሜ፣ መልሼልሃለሁ። ሥራህን ንገረኝ አልኩህ። ከላይ ያለውን አንብብና ተመለስ።

ክራር፦ እርስዎ ውል ውል ይላሉ። ጓደኛሞች ነን። ውል ካመጣሁ አላመነኝም ይለኛል።

መድረክ፦ ጓደኝነታችሁ እንዲቆይ ነው ውል የምለው። ማርታ ግራሃም እ.ኤ.አ. በ1991 አረፈች። ዳንሶቿን ለአንድ ሰው ተናዝዛ ነበር። ራሷ ያቋቋመችው ማዕከልና ወራሿ ፍርድ ቤት ቆሙ። በ2002 ፍርድ ቤቱ አብዛኞቹ ዳንሶች የማዕከሉ ናቸው አለ፤ ብዙዎቹን ስትሠራ የማዕከሉ ተቀጣሪ ነበረችና። እሷ ያህል ሰው ላይ ይህ ከደረሰ፣ እናንተ ያለ አንድ ወረቀት ምን ታደርጋላችሁ?

የኛው አዋጅ 410/1996 ኮሪዮግራፊን ይጠብቃል። ግን ሥራው ወጥ መሆን አለበት፣ ግዙፍነትም ማግኘት አለበት። ዳንሳችሁ በጭንቅላታችሁ ብቻ ካለ ጥበቃ የለውም። ቅረጹት። ሙሉውን፣ ከፊት ለፊት፣ ካሜራው ሳይንቀሳቀስ። ቀኑን ጻፉበት። በተቀጣሪነት ለተሠራ ሥራም፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የመብቱ ባለቤት አሠሪው ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ እነዚህ ይግለጹ፦ ዜማው የማን ነው? ደራሲው ሙዚቃውን ለብቻው አልበም ላይ ማውጣት ይችላል? እሷ ዳንሱን በሌላ ሙዚቃ ማሳየት ትችላለች? ቪዲዮው ዩቲዩብ ላይ ገቢ ቢያመጣ እንዴት ይካፈላል? የኋለኛውን ሁሉም ይዘለዋል፣ ጸቡም የሚነሳው ከዚያ ነው።

አራት ኪሎ፦ ቀጥታ ሙዚቀኛ ውድ ነው። በትራክ ብንሠራ ምን ችግር አለው?

ተወዛዋዥዋ፦ ትራኩ መሃል ላይ ቀጥ ሲል መድረክ ላይ ቆመሽ ታውቂያለሽ?

አራት ኪሎ፦ ወንድ ነኝ።

ተወዛዋዥዋ፦ ይቅርታ። ቆመህ ታውቃለህ?

መድረክ፦ በትራክ መሥራት ኃጢአት አይደለም። ግን አንድ ሰው እንኳ ቀጥታ ይኑር። ከበሮ መቺ ይበቃል። ገንዘብ ሰጪም አዲስ ሙዚቃ በቀጥታ ሲሰማ ነው «የጋራ ሥራ» የሚለው ቃል እውነት የሚመስለው።

ቡሄ፦ ግብር ላይ ያብራሩልን።

መድረክ፦ የሂሳብ ባለሙያ ጠይቁ። ለእሱም በጀት ላይ መስመር ይኑረው።

ቀበና፦ ጋሼ፣ ተመልሻለሁ። አንድ ደራሲና አንድ ኮሪዮግራፈር ነን፣ ሦስት ዳንሰኛ አለን። ሃያ ደቂቃ የሚሆን ሥራ ነው፣ ማሲንቆና ከበሮ ላይ። የአንድ ጥሪ ማብቂያ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ውል የለንም።

መድረክ፦ አሁን ገባኝ፣ ተባረክ። ሃያውን ደቂቃ ተውት። ለአሥር ቀን ሙከራና ለአምስት ደቂቃ ቅንጭብ ጠይቁ። ማሲንቆ ተጫዋቹን ከመጀመሪያው ቀን አስገቡት፣ አበሉንም ቁረጡለት። ነገ ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ አንድ ገጽ ውል ጻፉ፤ ለክራር የዘረዘርኳቸውን ጥያቄዎች መልሱበት። በጀቱን እስከ እሑድ ላክልኝ፣ አይልሃለሁ።