ቦድ ጋያ ለምትሄደው እህቴ

«ለሥራ ዴልሂ እሄዳለሁ፤ ሁለት ቀን ይተርፈኛል። ቦድ ጋያ ያለውን ጥንታዊ የቡድሃ መቅደስ ለፎቶ ሳይሆን ለመንፈሴ ብዬ ማየት እፈልጋለሁ። ክርስቲያን ነኝ፣ ችግር አለው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ህንድ ስማር ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። አንዱን አበላሽቼዋለሁ፤ ከሱ ልጀምር።

አጠገቡ ባለችው ጋያ ከተማ ከባቡር ወርጄ በባጃጅ ሄድኩ (ባጃጅ በትውልድ አገሩ!)። በሩ ላይ አንድ አስጎብኚ ነኝ ባይ ያዘኝና በ40 ደቂቃ ሁሉንም አዞረኝ። ግንቡ 55 ሜትር ገደማ መሆኑን፣ ቦታውን መጀመሪያ ያሠራው የጥንቱ የህንድ ንጉሥ አሾካ መሆኑን፣ የአሁኑ የጡብ ሕንፃ ግን ከ5ኛው ወይም ከ6ኛው ክፍለ ዘመን መሆኑን ሰማሁ። ስወጣ አንድ የደረቀ ቅጠል በ200 ሩፒ ገዛሁ። ከሱ ሌላ ይዤ የወጣሁት ነገር የለም።

ሁለተኛው ጊዜ ሌሊት ተነሳሁ። በሩ ከንጋቱ 11 ሰዓት ይከፈታል። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ እኔን ያዳነኝም ይሄው ነው። ጫማሽን ታወልቂያለሽ። ጥር ላይ ስለነበር እብነ በረዱ እግር ይቆርጣል፤ ወፍራም ካልሲ ያዢ። ከዚያ መቅደሱን በቀኝሽ አድርገሽ መዞር ነው። ሁለቱን ዙር ቁርስ እያሰብኩ ዞርኩ። አምስተኛው ላይ ነው ዙሪያዬን ማየት የጀመርኩት።

አንዲት የቲቤት አሮጊት ሳንቃ ላይ ይሰግዳሉ። እጃቸውን ግንባራቸው፣ ጉሮሯቸው፣ ደረታቸው ላይ ያደርጉና በሆዳቸው ይዘረጋሉ። መዳፋቸው ሳንቃው ላይ ሲንሸራተት ሽው ይላል። ይነሳሉ፣ መቁጠሪያቸውን አንድ ፍሬ ያሳልፋሉ፣ እንደገና። ብዙዎቹ መቶ ሺህ ስግደት ለመሙላት ነው የሚመጡት። እኔ የስቅለት ዕለት ገና በጠዋቱ ጉልበቴን የምይዝ ሰው ነኝ። አፈርኩ።

ከዚያ ቡድሃ ሥሩ ተቀምጦ ብርሃን አገኘበት በሚባለው ቦታ ያለው ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። የሾላና የዋርካ ዘመድ ነው፤ የአሁኑ የተተከለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ቅጠል በወደቀ ቁጥር መነኩሴ የለ ጎብኚ የለ፣ ሁሉም ይሻማል። አንዱ አጠገቤ ሲወድቅ እጄን ሳልዘረጋ አንድ ወፍራም መነኩሴ ቀደመኝ። የ200 ሩፒው ቅጠሌ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

ስለ ክርስትናሽ፦ ለቡድሃ ሐውልት አልሰገድኩም፣ መብራትም አላበራሁም፤ ለምን ያለኝ የለም። ተቀምጬ በልቤ አባታችን ሆይ አደረስኩ። ደግሞ እጨጌ እንባቆም በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት የበረላምና የየዋስፍ ታሪክ (መንግሥቱን ትቶ የመነነው ልዑል ታሪክ) ሥሩ የቡድሃ ሕይወት ነው። ቡድሃ ለኛ ያን ያህል ባዳ አይደለም።

ሁለት ቀን ብቻ ካለሽ ናላንዳን (የጥንቱን የቡድሃ ገዳምና ትምህርት ቤት ፍርስራሽ) እና ሌላውን ሁሉ ተዪው። ማታ ገብተሽ እደሪና ጠዋቱን በሙሉ እዚያው አሳልፊ። ታኅሣሥና ጥር ላይ ጭጋጉ ባቡር ለሰዓታት ያዘገያል፤ የመመለሻ በረራሽን በዚያው ቀን አታድርጊው። ካልሲውንም እንዳትረሺ።