ከ400 በታች ከሆነ 400 በል

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ኢንጂነር አጭር ጥያቄ ላከችልኝ። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ሆና የክፍል ውስጥ አየር የሚለካ ሴንሰር እየሠራች ነው። «ጋሼ፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሴንሰራችን ራሱን በራሱ ካሊብሬት ያደርጋል ተብሎ ነው የተሸጠልን። እኛ ካሊብሬሽን የሚባለውን ነገር ብንተወው ችግር አለው?»

«አዎ፣ አለው» ብዬ መልሼ መተኛት እችል ነበር። እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ። ስለዚህ ለእሷም፣ እንደ እሷ ሃርድዌር ውስጥ ለገባችሁ ልጆችም እዚሁ ልጻፈው። ካሊብሬሽን ማለት መለኪያውን መጠኑ ከሚታወቅ ነገር ጋር አስተያይቶ ማስተካከል ነው።

ድሮ አምስት ሆነን የከፈትናት ትንሽ ድርጅት ነበረችን። መዳፍ የምታክል፣ ግድግዳ ላይ የምትሰቀል ሳጥን ሠራን። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ መብራት አላት። ውስጧ ያለው ሴንሰር በኢንፍራሬድ፣ ዓይን በማያየው ብርሃን ነው የሚሠራው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ 4.26 ማይክሮሜትር አካባቢ ያለውን የኢንፍራሬድ ብርሃን ይውጣል። ከአንድ ጫፍ ታበራላችሁ፣ ከማዶ የደረሰውን ትለካላችሁ፣ የጎደለውን ጋዙ በላው ትላላችሁ። ችግሩ፣ አምፖሉ እያረጀ ይደክማል። ሴንሰሩም የአምፖሉን ድካም ጋዝ ነው ብሎ ይቆጥረዋል።

ለዚህ አምራቾቹ ዘዴ አበጁለት። የውጭ አየር ያኔ 400 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 400ው ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ገደማ ነው ይባል ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። የትኛውም ክፍል በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ሰው አጥቶ አየሩ ይታደሳል ብለው አሰቡ። ስለዚህ ሴንሰሩ በሳምንቱ ውስጥ ያየውን ዝቅተኛ ቁጥር ይይዝና «ይሄ 400 ነው» ብሎ ራሱን ያስተካክላል። ቅዳሜና እሁድ ለሚዘጋ ቢሮ ግሩም ዘዴ ነው።

የእኛ የመጀመሪያ ትልቅ ደንበኛ ግን ቢሮ አልነበረም። በሦስት ፈረቃ፣ ሃያ አራት ሰዓት ስልክ የሚነሳበት ክፍል ነው። ድምፅ እንዳይገባ መስኮቱ ታሽጓል። የአንዱ ተረኛ ወንበር ሳይቀዘቅዝ ሌላው ይቀመጥበታል።

በመጀመሪያው ሳምንት ሳጥኖቹ 1500 ድረስ አሳዩ። ቀይ በቀይ ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት ትንሽ ወረደ። በሁለተኛው ወር ከ900 አያልፍም፣ መብራቱ አረንጓዴ ነው። የሽያጭ ሰውዬአችን ግራፍ ሠራ፤ መስመሩ እንደ መንሸራተቻ ቁልቁል ይወርዳል። «እኛ ከገባን ወዲህ አየሩ ተሻሻለ» የሚል ርዕስ ሰጠው። ለኢንቨስተሮች በምናሳየው ሰነድ ሁለተኛ ገጽ ላይ አስገባነው። አየሩ ለምን ተሻሻለ? ቀዩን መብራት እያዩ በር መክፈት ጀምረው ይሆናል ተባባልን። ሄዶ የጠየቀ ግን አልነበረም።

አንድ ቀን ገመድ ልቀይር ስሄድ የሌሊት ተረኛ የሆነች ሴት አስቆመችኝ። «ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ቀይ ሲያበራም ራሴን ያመኝ ነበር። አሁን አረንጓዴ ሆኖም ያመኛል። ምኑን ነው የሚለካው?» አለችኝ።

ፈገግ አልኩ። ከዚያ ስለ ኢንፍራሬድ አሥር ደቂቃ ሙሉ አስተማርኳት። ውኃ ጠጪ፣ ዓይንሽን ከስክሪኑ እያነሳሽ አሳርፊው አልኳት። ዛሬም ሳስበው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እላለሁ።

ምንም አላደረግኩም ብል ግን ውሸት ነው። ሁለተኛ ጊዜ ስትነግረኝ ሳጥኑን ነቅዬ፣ በባትሪ አድርጌ ውጭ ይዤው ወጣሁ። አሥር ደቂቃ ያዝኩት። 400 አለ። ትክክል! ተመልሼ አሳየኋትና መልሼ ሰቀልኩት። ሲነቀል የሳምንቱ ቆጠራ ከዜሮ ስለሚጀምር ውጭ ያየው ንጹሕ አየርም ተረሳ። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ አልተናገረችም። በአገጯ መብራቱን ብቻ አሳየችኝ። አራተኛ ጊዜ ስሄድ ወንበሯ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል።

ነገሩ የወጣው በአጋጣሚ ነው። አንዱ ሳጥን ወድቆ ተሰበረ። በቦታው አዲስ ስንሰቅል 1500 አለ። ከአንድ ክንድ የማይርቀው አሮጌው 900 ይላል። ምን ብንል ጥሩ ነው? «አዲሱ ብልሽት አለው» አልን። መለስነውና ሌላ አመጣን። እሱም 1500። ሦስተኛው ግድግዳው ላይ ከተሰቀለ በኋላ ነው ማንም ቃል ሳይተነፍስ የተያየነው። ያ ክፍል ከ1000 በታች ወርዶ አያውቅም። ሳጥኖቻችን ግን 1000ውን 400 ነው ብለው ራሳቸውን አሳምነዋል።

ታዲያ ውጭ ሳወጣው እንዴት 400 አለ? ስሌቱን ብትሠሩት ከዜሮ በታች ማሳየት ነበረበት። ይሄኛው የማንም ጥፋት አይደለም፤ የእኔ ነው። ከወራት በፊት ሳጥኑን ለእንግዶች ስናሳይ 380 የሚል ቁጥር ወጣ። አንዱ ሳቀና «ከውጭ አየር የበለጠ ንጹሕ ክፍል አላችሁ ማለት ነው?» አለ። ተናደድኩ። ማታውኑ ፈርምዌሩ (ሳጥኑን የሚያሠራው ፕሮግራም) ውስጥ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ ከ400 በታች ከሆነ 400 በል። ጥሬውን ቁጥርም አላስቀመጥኩም፤ ሜሞሪ ለመቆጠብ ነው አልኩ። ያቺ መስመር ባትኖር ኖሮ ያን ቀን ደጅ ላይ ቆሜ ከዜሮ በታች ቁጥር አይ ነበር። ሴትየዋም ምናልባት ሥራዋን አትለቅም ነበር። ለምን እንደለቀቀች አልጠየቅኩም። ለአለቆቿ ደብዳቤ ጻፍን፣ ሳጥኖቹን ቀየርን፣ እነሱም አየር ማስገቢያ አስተከሉ። ለእሷ የጻፈላት የለም።

ከዚህ በኋላ ምክር መስጠት ይከብዳል፣ ግን ልሞክር። ጥሬውን ቁጥር አስቀምጡ። የሚያሳፍር ቁጥር ሲወጣ አትደብቁት፤ የሚያሳፍረው ቁጥር ነው የሚነግራችሁ። ሰው ከማይለየው ክፍል ውስጥ ራስ-አስተካካዩን አጥፉትና በየጥቂት ወሩ ሳጥኑን ወስዳችሁ ውጭ አየር ላይ ራሳችሁ አስተካክሉ። ባለ ሁለት ቻናል ሴንሰር መግዛት ከቻላችሁ ደግሞ ግዙ፤ የአምፖሉን እርጅና ከጋዙ ይለያል።

የዛሬ ልጆች ቦርዱ ሳይበየድ አፑን ትጨርሳላችሁ። የማየው ሁሉ የሚያምር ግራፍ ነው፤ ከግራፉ ጀርባ ስላለው ሴንሰር ስጠይቅ ዝም ትላላችሁ። አንዳንዱማ ሌላ ጋዝ እያሸተተ በግምት «ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው» የሚለውን ርካሹን ሴንሰር ነው የሚሰቅለው። አጠገቡ ጠረጴዛ በአልኮል ሲወለወል ይጮሃል። ደግሞ ልኩን ልናገር፤ እኛም የመብራቱን ቀለም ለመምረጥ ሁለት ሳምንት ተከራክረናል። ካሊብሬሽን ላይ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ አላጠፋንም።

ስንት ላይ ቀይ ይብራ የምትሉኝም አላችሁ። የተለመደው 1000 የሚለው ቁጥር የኮምፒውተር ዘመን ልጅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1858 ማክስ ፎን ፔተንኮፈር የተባለ ጀርመናዊ ያቀረበው ነው። ጋዙ በዚያ መጠን መርዝ ነው አላለም፤ ሰው የተነፈሰው አየር ምን ያህል እንደተጠራቀመ ያሳብቃል ነው ያለው። ይሄን ለደንበኛ ማስረዳት ከባድ ነው። እኔም ሁልጊዜ አልተሳካልኝም።

ሰው ሲናገር አድምጡ። ሆኖም የሰው አፍንጫ አይታመንም፤ የታፈነ አየርን በደቂቃዎች ይለምዳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ጭራሽ ሽታ የለውም። ሁለቱ እርስ በርስ እንደሚጋጩ አውቃለሁ። እኔ ግን አሁን ማሽኑና ሰውዬው ካልተስማሙ ማሽኑን ነው መጀመሪያ የምፈታው።

አንቺ ልጄ፣ ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ሳጥኑ የሚሰቀልበትን ክፍል የሚያጸዳውን ሰው ፈልጊና «ይሄ ክፍል መቼ ነው ባዶ የሚሆነው?» ብለሽ ጠይቂው። «ኧረ መቼም» ካለሽ ፈርምዌሩን ሳትነኪ በፊት ደውዪልኝ።